ባውዛ ያዥዋ

ያቺን ልጅ የጠላኋት ገና አፏን ሳትከፍት ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ እኔ የምሠራበት ፎቶና ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ፣ በመስታወቱ ውስጥ የተደረደሩትን የሙሽራ ፎቶዎች አንድ በአንድ ታያለች። ጂንስ ሱሪ ለብሳለች። ጸጉሯን እንደ ወንድ አሳጥራ ተቆርጣለች። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው አርባ ምንጭ በገባ ሰሞን ፊቱ ቀልቶ፣ ባገኘው ካርቶን ሁሉ እያራገበ ነው የሚታየው። እሷን ግን ላብ እንኳ አልደፈራትም። «ይቺ ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» አልኩ በሆዴ።

የፈለገችው የእኔን ነገር ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የማትሪክ ውጤቴ የትም አላደርስ ሲለኝ ነው እዚያ ቤት የተቀጠርኩት። መጀመሪያ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ጉርድ ፎቶ እቆርጥ ነበር። በኋላ ጋሼ፣ ማለትም ባለቤቱ፣ ባውዛ ሲገዛ የሚይዘው ሰው ጠፋ። ባውዛ ማለት እጀታ ያለው፣ ሽቦው ከኋላ እንደ ጅራት የሚጎተት ትልቅ መብራት ነው። የዚያን ጊዜ ካሜራ ቤት ውስጥ ያለ እሱ ምንም አያይም። ካሜራዎቹን የሚይዙት ሁለት ወንዶች ባውዛ መያዝ ክብራቸውን የሚነካ መሰላቸውና ለእኔ ተረፈኝ። ሁለት ዓመት ያዝኩት። ከላይኛው ከተማ ከሴቻ እስከ ገጠሩ ላንቴ ያልገባሁበት ዳስ የለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የሠርግ ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነበር። ባውዛው ሲበራበት ወንዱ ኮቱን ይቆልፋል፣ ሴቷ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ጉርሻ አፉ ውስጥ ያለው ሳያላምጥ ይውጣል። ካሜራው ከጎኔ፣ በካሜራማኑ ትከሻ ላይ መሆኑን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው የሚያነሳው ያ የሚያበራው ነገር ይመስለው ነበር። ካሴቱ ሲታይ ታዲያ እንግዳው በሙሉ አንገቱን ጠምዝዞ ወደ ጎን ያያል። ወደ ጎን ማለት ወደ እኔ ነው። እኔ ግን በአንዱም ካሴት ላይ የለሁም።

ካሜራውን እፈልገው ነበር። እንዲህ ቀለል አድርጌ ስለው ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ፣ ለሌላ ነገር እንደዚያ ቋምጬ አላውቅም። ዋናው ካሜራማን መቼ እንደሚዞር፣ መቼ ወደ ሙሽራዋ እጅ እንደሚቀርብ፣ መቼ ደግሞ ጠላው ሞቅ አድርጎት የዳሱን ጣሪያ እንደሚቀርጽ ከእሱ ቀድሜ አውቅ ነበር። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ፣

«ጋሼ፣ አንድ ቀን እስቲ እኔ ልሞክር» አልኩት።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ከባድ ነው። ትከሻ ይጎዳል። አንቺ ሴት ልጅ ነሽ» አለኝ፤ ደግሞ እንደሚያዝንልኝ ሆኖ።

እናቴ ሙዝ ነጋዴ ናት። ከመኪና ያወረደችውን ሙዝ በጀርባዋ አዝላ ገበያ ስትገባ ወገቧ ከሁለት ይታጠፋል። እሷን ስለ ትከሻዋ የጠየቃት ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ይህን ልለው ፈልጌ ዋጥኩት፤ ሥራውም ያስፈልገኝ ነበር።

ዘመኑ ስለ ሴቶች እኩልነት በየስብሰባው የሚወራበት ነበር። አንድ ዓመት የሴቶች ቀን በአዳራሽ ሲከበር እንድንቀርጽ ተጠራን። የቀረጹት ያው ሁለቱ ወንዶች ናቸው፤ እኔ ባውዛዬን ይዣለሁ። መድረኩ ላይ «ሴቶች ወደ ፊት» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ጋሼ ከኋላ በጣቱ ጠቅሶኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወደ ኋላ በይ እንጂ፣ ጭንቅላትሽ ጽሑፉን ጋረደው!» ወደ ኋላ አልኩ። ሱቃችን ውስጥ ባለው ቴሌቪዥንም ቢሆን ሴት ሞልታለች፤ ዜና ታነባለች፣ ድራማ ውስጥ ታለቅሳለች። ከካሜራው ኋላ ሆኖ የሚያያት ግን ማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ወንድ ነዋ! እንደ ፀሐይ መውጣት የታወቀ ነገር ነበር።

እንግዲህ ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ወንድሟ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ አስተማሪ ነው፤ እሱ ዘንድ ልትኖር ነው የመጣችው። አዲስ አበባ የአንድ ቤተ ክርስቲያን የፊልም ክፍል ውስጥ ካሜራ ተምራለች። ገባች፣ ጋሼን በትሕትና ሰላም አለችው፣ «ካሜራ መያዝ እችላለሁ» አለች። በቃ። አላፈረችም፣ አልተቅለሰለሰችም። እኔ ሁለት ዓመት አፌ ላይ ያመላለስኩትን ቃል እሷ እንደ «ውሃ ስጡኝ» አለችው። ጋሼ ደግሞ ካሜራውን አውጥቶ ሰጣት! ትከሻ ብሎ ነገር የለ፣ ሴት ብሎ ነገር የለ። አገላብጣ አየችው፣ ባትሪውን አወጣች፣ መለሰች፣ ትከሻዋ ላይ አስቀመጠችው። «ከአዲስ አበባ ተምራ የመጣች ናት» አለን ጋሼ ለሁላችን፣ ራሱ ያስተማራት ይመስል።

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይሄኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ባውዛ የምይዘው ለእሷ ሆነ። ለወንዶቹ ስይዝ እጄን እንጂ ሆዴን አይደክመኝም ነበር። ለእሷ ስይዝ አንጀቴ አረረ። ሠርግ ቤት ስንገባ ልጆች «ሴት ካሜራማን! ሴት ካሜራማን!» እያሉ ይከተሏታል፤ የኔን ሽቦ ይረግጣሉ። ሚሪንዳ የሚቀርበው መጀመሪያ ለእሷ ነው። ዘማሪዎቹ ሳይቀሩ ዜማቸውን ትተው ሱሪዋን ያያሉ። ክፋቱ ደግሞ ጥሩ ልጅ ነበረች። «አንቺ ባትኖሪ ምን አየሁ!» ትለኛለች ሚሪንዳዋን እያካፈለችኝ። ብትኮራብኝ፣ ብታመናጭቀኝ ምንኛ በወደድኩ! ክፉ ሰውን መጥላት ቀላል ነው። ደግ ሰው ላይ መቅናት ግን ማታ እቤትሽ ድረስ ይከተልሻል፤ እራትሽ፣ የበቆሎው ኩርኩፋ፣ ሳይነካ ይቀራል። እናቴ «ምን ሆነሽ ነው የማትበይው?» ስትለኝ «ዳጣው በዛ፣ አቃጠለኝ» እላት ነበር። የተቀረጸውን ለመገምገም ካሴቱን ማጫወቻው ዴክ ውስጥ ስንከት ደግሞ ስህተቷን እፈልጋለሁ። እጇ ተንቀጥቅጦ እንደሆነ፣ የሰው አንገት ቆርጣ እንደሆነ። አንድ ቀን የአንድ ሚዜ ግማሽ ጭንቅላት ቆርጣ ባገኝ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

አንድ ሰኞ ታዲያ አንዲት ሴትዮ ወደ ሱቃችን መጡ። ደጋ ተወልደው፣ እዚህ ሲቀላ ጥጥ ሲነግዱ ያረጁ፣ ገበያው ሁሉ የሚያከብራቸው እናት ናቸው። ወንድ ልጃቸውን ድረው ሙሽራዋ እሳቸው ቤት ጓዳ ተቀምጣለች። በደገኞቹ ጋሞዎች ዘንድ አዲስ ሙሽራ ከሠርጓ በኋላ ሥራ ሳትነካ፣ ጸጉሯ በቅቤ እየታሸ፣ ጥሩ ጥሩውን እየበላች ቤት ትከርማለች። ጊዜዋ ሲደርስ አምራና ወዝታ፣ ሴቶች አጅበዋት ወደ ገበያ ትወጣለች፤ ገበያውን ትዞራለች፣ ሕዝቡ ይመርቃታል። ሚስት መሆኗ በአገር ፊት የሚታወቀው ያን ቀን ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ቅቤውን ብዙም አልወደዱት፤ ሴትዮዋ ግን «መዝሙር እየዘመርን እናወጣታለን፤ ቅቤውን ጌታ አልጠላም» ብለው ገላገሏቸው። የፈለጉት ሁለት ነገር ነው፤ ሙሽራዋ ጓዳ ሳለች እንድትቀረጽ፣ ኋላም ገበያ ስትወጣ። ጓዳው ግን የሴቶች ነው፤ ከባሏ በቀር ወንድ አይገባበትም።

«ያንን ሴት ልጅ ላክልኝ» አሉት ጋሼን፤ አማርኛቸው ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርገዋል። «ጎረቤት ሠርግ ያነሳው። እሱ በደንብ ያነሳል።»

ጋሼ ያቺን የአዲስ አበባዋን የጠየቁት መሰለው። እኔም መሰለኝ። ደግሞ እሷን! አልኩ፤ ያን ቀን ለማንም ሰላምታ አልሰጠሁም።

ሁለታችን ሄድን። ጓዳው ጠባብ ነው፣ ወለሉ ላይ የእንሰት ቅጠል ተነጥፏል፣ ሙሽራዋ መሐል ቁጭ ብላለች። ቅቤው ከጸጉሯ እስከ ትከሻዋ ያበራል። ዙሪያዋን ሴቶች እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ። ባውዛውን አበራሁ፤ ልጅቷ ካሜራውን ይዛ ከፊቴ ቆመች። ይሄኔ አማትየዋ ተነስተው ትከሻዋን ገፋ አደረጓት።

«አንተ ሳጥን የያዝከው፣ ዞር በል! የሚያነሳውን ልጅ ጋረድክ!»

ሁለታችንም መጀመሪያ አልገባንም። በኋላ ልጅቷ ዞራ አየችኝ፣ ባውዛዬን አየች፣ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። ለካ እሳቸው የጠየቁት እኔን ኖሯል! የሚያነሳው መብራቱ ነው ብለው የሚያምኑ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ዓይን ካሜራማን ነበርኩ፣ ሳላውቀው። ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ? ሁለቱንም ሆንኩ።

እሳቸው ምግብ ሊያቀርቡ ወጡ። ልጅቷ ቀረጻውን ቀጠለች። «ቅረቢ፣ ፊቷ ጨለመብኝ» አለችኝ። ከዚህ በላይ ብቀርብ በባውዛው ግለት ቅቤው እንደሚቀልጥ አውቃለሁ፤ «አይሆንም» አልኳት። «ትንሽ ብቻ» አለች። ቀረብኩ። ቅቤው ቀልጦ በሙሽራዋ ግንባር ወደ ዓይኗ ወረደ፤ ሴቶቹ ተንጫጩ፣ ሙሽራዋ ሳቀች። ልጅቷ ካሜራውን አወረደች። «ይቅርታ፣ አንቺ ነበርሽ ትክክል» አለች። ቀጥላ ደግሞ «እስቲ ትንሽ ያዢልኝ፤ ትከሻዬ ዛለ» ብላ ካሜራውን ዘረጋችልኝ።

ትከሻዋ ዛለ! የእኔ ትከሻ እንዳይጎዳ ተብሎ የተከለከልኩት ነገር የእሷን ትከሻ አድክሞት ለእኔ ተረፈ። ተቀበልኳት። የዓይን መመልከቻው ጎማ ሞቋል፤ የእሷ ቫዝሊን ሸተተኝ። በዚያች ደቂቃ እንኳ ቀናሁባት፤ ሙቀቱ የእሷ ነበራ። ወደ ውስጥ ስመለከት ዓለም ጥቁርና ነጭ ናት፣ የክብሪት ሳጥን ታክላለች። ሙሽራዋ ዓይኗን በመዳፏ ጀርባ ስትጠርግ፣ የአያቷ እጅ መጥቶ አገጯን ሲይዝ፣ ቅጠሉ ላይ ቅቤ ጠብ ሲል፣ ሁሉንም ያዝኩት። ልጅቷ ባውዛውን ይዛልኝ ከጎኔ ቆማለች። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ሴቶቹ ዘፈኑን ሲጨርሱ ካሜራውን መለስኩላት፤ ልጅ ከጡት እንደሚለይ ሆኖ ነው የተለየኝ።

ሱቅ ተመልሰን ጋሼ ካሴቱን ሲያይ፣ ቅቤው ጠብ የሚልበት ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «እዩት እጅ! እዩት ትዕግሥት!» አለ፤ የልጅቷን ጀርባ መታ መታ አደረገ።

«እሱን የቀረጸችው እሷ ናት» አለች ልጅቷ ወደ እኔ እየጠቆመች።

«ተይ እባክሽ፣ ቸርነትሽን» ብሎ ሳቀ። እሷ «እውነቴን ነው» ስትል ግን ሳቁን አቆመና ሁለታችንንም አየን። «ቢሆንስ? ለአንድ ሱቅ አንዲት ሴት ካሜራ ያዥ ትበቃለች። ሁለት ምን ያደርግልኛል?»

ይህን ሲል ሁለቱ ወንዶች አጠገቡ ቁጭ ብለው ሽቦ ይጠቀልላሉ። ሦስተኛ ወንድ ሊቀጥር ሰው እያጠያየቀም ነበር። እኔ የሰማሁት ግን «አንዲት» የሚለውን ብቻ ነው። ያቺ አንዲት እሷ ናት፤ እሷ እስካለች እኔ የለሁም። ምነው ወንድሟን ወደ ሌላ አገር ባዛወሩት ብዬ የተመኘሁት ያን ምሽት ነው።

የገበያው ቅዳሜ ደረሰ። ጋሼ ጠዋት ሁለቱን ወንዶች ካሜራ አስይዞ ሰደዳቸው። «ገበያ ግፊያ ነው፣ ለሴት አይሆንም። እናንተ ጓዳውን ጨርሳችኋል» አለን። ልጅቷ እንደ ጨው ሐውልት ቀረች። ባንኮኒው ጀርባ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ የሌንስ ክዳን በእጇ ታገላብጣለች። እኔስ? ደስ አለኝ! ለራሴ ባይደርሰኝም ለእሷም አልደረሳትም። ደስታዬን ለመደበቅ ጉርድ ፎቶ መቁረጥ ጀመርኩ።

ብዙም ሳንቆይ አማትየዋ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ቆጣ ብለው ደጃፋችን ላይ ደረሱ።

«ሙሽራ በር ላይ ቆሟል! ሰው ቆሟል! አንተ ሁለት ወንድ ባዶ እጁን ላክህብኝ!»

«ባዶ እጃቸውን አይደለም እማማ፣ ካሜራ ይዘዋል» አለ ጋሼ።

«ብርሃኑ የት አለ? የሚያነሳው ልጅ የት አለ? እሱ ካልመጣ ሙሽራ አይወጣም።»

ቀን ነው፤ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ባውዛ ምን ሊያደርግ? ጋሼ ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በቃ ባውዛውን ይዘሽ ሂጂና ከጎናቸው ቁሚ። ባይበራም ይያዝ» አለኝ።

ፀሐይ ላይ፣ ሽቦው የትም ያልተሰካ ባውዛ ይዤ ገበያ መሐል ልቆም! ባውዛውን አነሳሁት። መልሼ አስቀመጥኩት።

«እማማ፣ ይሄ አያነሳም» አልኳቸው። «ይሄ መብራት ብቻ ነው። የሚያነሳው ያ ሳጥኑ ነው።»

ባውዛውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ጓዳ ውስጥ ማን አነሳ ታዲያ?»

ልጅቷ ከጎኔ አለች። ያን ቀን አብዛኛውን የቀረጸችው እሷ ናት። «ሁለታችንም» አልኩ፤ «ቅቤው ሲወርድ፣ አያትየዋ አገጯን ሲይዙ ግን እኔ ነኝ።»

«ና» አሉኝና እጄን ይዘው ወጡ። ሙሽራዋ በር ላይ በጃንጥላ ስር ቆማለች፣ ዘማሪዎቹ ዝም ብለዋል፣ ወንዶቹ ካሜራቸውን ይዘው ግራ ገብቷቸዋል። ሴትዮዋ በቀጥታ ወደ ዋናው ካሜራማን ሄደው «ስጠው» አሉት፤ «ለዚህ ልጅ ስጠው!» እሳቸውን እምቢ የሚል ሲቀላ ውስጥ የለም። ሰጠኝ።

ሙሽራዋ እርምጃዋን እየቆጠበች ወጣች፤ እኔ ወደ ኋላ እየተራመድኩ ፊቷን ያዝኩ። ገበያተኛው መንገድ ለቀቀ፤ ጥጥ ሻጮቹ እልል አሉ፤ የሽንኩርቱም የጎመኑም ነጋዴ እየተነሳ «ውለጂ፣ ክበሪ» ይላታል። ሙዝ ተራ ስንደርስ እናቴ ከሙዟ ኋላ ብድግ አለች። ሙሽራዋን አላየችም። እኔን፣ ትከሻዬን ነው ያየችው፤ ነጠላዋን ጎተት አድርጋ ቀጥ ብላ ቆመች። ያንንም ያዝኩት።

ወሬው ገበያውን ሁሉ አዳረሰ። ሰኞ ጠዋት ጋሼ ካሜራውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። «ሰው የሚጠይቀው አንቺን ነው። እንግዲህ ሴቷ ካሜራ ያዥ አንቺ ነሽ» አለኝ። ወዲያው ለልጅቷ፣ ዓይኑን ሳያሽ፣ ባውዛውን ሰጣት። እሷ ተቀበለች። ሁለት ዓመት የጠበቅኩትን አገኘሁ፤ ጣፈጠኝ፣ አልዋሽም።

ከሰዓት በኋላ የገበያውን ካሴት ዴኩ ውስጥ ከተትን። መንገደኛው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ያያል። ሙሽራዋ ትሄዳለች፣ ጃንጥላው ይወዛወዛል። ሙዝ ተራ ከመድረሳችን በፊት፣ በምስሉ ጠርዝ በኩል፣ ያልጠበቅኩት ፊት ገባ። እሷ ናት። ሱቁን ትታ ተከትላን ኖሯል። ሙሽራዋን አታይም፤ በቀጥታ ወደ ካሜራው፣ ወደ እኔ ታያለች። ከንፈሯ ተጣብቋል፣ ዓይኗ ጠቧል። ያን ፊት አወቅኩት፤ ለብሼው የከረምኩት የራሴ ፊት ነበር።

ዴኩን አቆምኩት። ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ቆመ። ልጅቷ ባውዛውን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኔ ተቀምጣለች፤ እሷም ራሷን እያየች ነው። ያን ጊዜ ነው ከኋላዋ ያሉትን ያየኋቸው። ሁለቱ ወንዶች፣ አንደኛው ሁለተኛውን ካሜራ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ የአንዲት ነጋዴ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው ሸንኮራ እያኘኩ ይሳሳቃሉ። እሷ እኔን ታያለች፣ እኔ እሷን። ወደ እነሱ ያየ የለም።